ሚስተር ቦህዳን የተዉአት ምት

ሰኞ፣ የካቲት 3። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

ሃያ አራተኛው የኖታ ቅጂ አለቀ። ሶፕራኖ ስምንት፣ አልቶ ሰባት፣ ቴነር አራት፣ ቤዝ አምስት። ሁለቴ ቆጠርኩ። ቀለሙ እንዲደርቅ መስኮት ከፈትኩ፤ ብርድ ገባ፤ ልጄ ማርታ ተቆጣች። ማስታወሻዬ፣ ልጅ ሲቆጣኝ ለምጃለሁ።

ሚ/ር ቦህዳን ትናንት ደረታቸውን ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዩክሬናዊ፣ የሙዚቃ ደራሲ፣ እዚህ ኬንቲሽ ታውን የሰፈራችን ኳየር መሪ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ የካ. 15፣ የራሳቸውን ድርሰት እንዘምራለን። ሐኪም ከፈቀደ እሳቸው ይመራሉ፤ ካልፈቀደ ረዳታቸው ኤማ።

የእጅ ጽሑፋቸው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እንድገለብጠው እኔ ጋ። በየሜዠሩ፣ በሁለት ቋሚ መስመር መካከል፣ አራት ምት መሆን ሲገባው አሥራ አንድ ቦታ ሦስት ብቻ አገኘሁ። የደከመ ዓይን። በየቦታው የአንድ ምት ዕረፍት ጨምሬ ሞላሁት፤ በቅጂዎቹም በዋናውም፣ እንዳይለያዩ። ሠላሳ ዓመት የተማሪ የሙዚቃ ደብተር ያረመ እጅ ጉድለት አይቶ አያልፍም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ከምሽቱ 2 ሰዓት።

ልምምድ። ኤማ መራች። አንድም ሰው አልተደናቀፈም። በቀለ (ቴነር፣ የአውቶቡስ ሹፌር) ከሁሉም ፊት፦ «ቲቸር፣ የእርስዎ ኖታ እኮ አዲስ አስፋልት ነው። ጉድጓድ የለው፣ ምን የለው!» ደስ አለኝ፤ ላንተ ምን እደብቃለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ከሆስፒታል መመለሴ ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ለዝግጅቱ ወረቀት የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ ነበር፤ እንዲያርሙልኝ አነበብኩላቸው። ትውልድ፦ ዲኒፕሮ ወንዝ አጠገብ ያለ ትንሽ የባቡር ጣቢያ። አባት ሐዲድ ጠጋኝ። ሙዚቃ ኪየቭ ተማሩ። በወጣትነታቸው የአንድ ከተማ ኦርኬስትራ መሪ ሆኑ። ቀጥሎ አሥራ አራት ዓመት በባቡር ሠራተኞች ክበብ የአኮርዲዮን አስተማሪ። ቀጥሎ ለንደን።

ከኦርኬስትራ መሪነት ወደ ክበብ? መሃል የጎደለ ነገር አለ አልኳቸው። ጉድለት አልወድማ። ምነው አፌን በያዘኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርሰቱ የእናታቸው እሹሩሩ ነው። እናትየው ጣቢያው ላይ ከሰል ተሸካሚ ነበሩ፤ ሳንባቸው ታሞ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ሲዘፍኑ አራተኛው ምት ላይ አይደርሱም፤ ቆርጠው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ልጃቸው ሚ/ር ቦ. እንደሰሙት ጻፉት። የከተማው የባህል ኮሚቴ ግን የሠራተኛ ዘፈን አያነክስም፣ ይስተካከል አለ። እምቢ አሉ። ኮሚቴው ሳይነግራቸው ለኖታ ገልባጩ አዘዘ፤ ገልባጩ የጎደለውን ምት ጨመረላቸው። ሚ/ር ቦ. ያወቁት ሕዝብ ፊት ቆመው ሲመሩ ነው። ዱላቸውን አስቀምጠው ከመድረክ ወረዱ። በሳምንቱ ሥራ የለም።

ኮሚቴውን እንዳልተቀየሙት ነገሩኝ። «ኮሚቴ ኮሚቴ ነው» አሉ። «ገልባጩ ግን ሙዚቃ ያውቅ ነበር።»

ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸው። አውቶቡስ ላይ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 7። ጠዋት።

ዋናውን ዘረጋሁት። አሥራ አንዱም ቦታ። ቀለሙ ከእሳቸው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ብዕሩንም ምልክቱንም አስመስዬ ነበር የጻፍኩት። ያኔ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። አሁን ፎርጅድ ይመስላል።

የመጀመሪያዋን በምላጭ ፋቅሁ። ወረቀቱ ተበሳ። ተውኩት።

መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ጥያቄ። ደረጃ መውረድ ብቻ። ተማሪ ሲሳሳት «ለምን?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ መስመር ነው የማሰምርበት። ስንቱን እንዲህ አርሜው ይሆን? ይህን አሁን አላስብም።

እሑድ፣ የካቲት 9። ከቤ/ክ መልስ።

በቀለ ቅጂዎቹን ሰበሰበልኝ። ከሰቨን ሲስተርስ እስከ ዌምብሊ ዞሮ፣ በዕረፍት ቀኑ። ምክንያቱን ነገርኩት። ሳቀ። «ቲቸር ሙት! እኛ ቴነሮቹ እንደሆን ያችን ምት ድሮም አልቆጠርናትም!» አልሳቅኩም። ሲያየኝ ተወው፤ ቁጭ ብሎ ነጩን ቀለም ይዞ ከእኔ ጋር እስከ ማታ አጠፋ። ሃያ አራቱም ተስተካከሉ። ዋናው ቀረ።

ማርታ ሌላ ሐሳብ አላት። «እማዬ፣ ሰውዬው ልባቸው ነው የታመመው። በቃ ንጹሕ ኮፒ አድርጊና ስጫቸው። ኦርጂናሉ ላይ ሻይ ፈሰሰበት በያቸው። ፊኒሽድ!»

ደብተሬን ጎርፍ ወሰደው ያለኝ ተማሪ ነበር፤ በጥር። ማርታ ግን ክፋት የላትም። እውነቷን ቢሆንስ? በእኔ ቃል ልባቸው ቢቆምስ?

ሰኞ፣ የካቲት 10። ከቀኑ 10 ሰዓት።

አልጋው ባዶ ነበር። አንሶላው ተነጥፏል፣ መነጽራቸው የለም። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ለምርመራ ወርደው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ደግሜ ልጻፈው፦ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቅዳሜ መምራት ተከለከሉ። ቅር አላቸው፣ ግን አልተከራከሩም። ነገ ዋናውን አምጪልኝ አሉ፤ ለኤማ ምልክት ሊያደርጉበት። ከዚያ ከመድረክ ከወረዱበት ቀን ወዲህ ድርሰታቸውን ለማንም ገልባጭ ሰጥተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። እጄን ይዘው ነው የነገሩኝ።

ስወጣ ነርሷ፦ ድንጋጤ አይሆናቸውም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

ንጹሑ ኮፒ አለቀ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቆንጆ ኖታ አልጻፍኩም። አሥራ አንዱም ቦታ ሦስት ሦስት ምት። ይህን ብሰጣቸው ደስ ብሏቸው ይሞታሉ፤ ወይም ደስ ብሏቸው ይድናሉ።

ግን ዋናው ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፉት አለ፣ በቋንቋቸው። ማንበብ ስለማልችል ኮፒው ላይ አልገለበጥኩትም። ምን ይል ይሆን? ለእናታቸው ይሆን? ያንን ወረቀት እኔ መሳቢያ ውስጥ ልቀብረው ነው? እሳቸው ሻይ ፈሰሰበት ብለው ሲያለቅሱለት እኔ አብሬ ላዝን?

አይሆንም።

ከቀኑ 9 ሰዓት። የሆስፒታሉ ኮሪደር።

ወንበር አግኝቻለሁ። ኮፒውን ቤት ተውኩት፤ ዋናው ጭኔ ላይ ነው። የተበሳው ገጽም አብሮ አለ።

ለነርሷ አስቀድሜ ነገርኳት፦ የሚያስከፋ ነገር ልነግራቸው ነው፣ አጠገባችን ሁኚ። ትክ ብላ አየችኝ። ሐኪሙን ጠይቃ መጣች፤ ተቀምጠው፣ ቀስ ብለሽ፣ ብሏል። እኔም ቀስ ማለት አውቃለሁ፤ ሌላ ምን አስተማርኩ።

የምለውን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። አራት ዓ.ነገር ነበር። ሦስቱ ስለ ጥሩ ሐሳቤ ነበሩ፤ ሰረዝኳቸው። የቀረው፦ ሳልጠይቅዎ አረምኩት። ነገ ልምምድ ላይ ይህንኑ ለኳየሩ እደግመዋለሁ፤ ኤማን አስፈቅጃለሁ።

ካዘኑብኝ ይዘኑ። በሩን ካሳዩኝ እወጣለሁ፤ ታች ፎቅ ስንገናኝም ሰላም እላለሁ። ልባቸው ብቻ ይቻለው።

ስሜን ጠሩ። ዘግቼ አልሰጣቸውም፤ የመጀመሪያዋ የእኔ ምልክት ያለችበት ገጽ ላይ ከፍቼ ነው የምሰጣቸው።