ጀልባህን ስለመቅበሬ

ደባርቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ያርጋል፣

ጎርጎራ ሐይቁ ዳር እንዴት ይዞሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? እኛ ደኅና ነን፤ ዘንድሮ ብርዱ ብቻ ጥርስ አውጥቷል።

ጀልባህን ከግቢ አስወጥቼዋለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ቁጭ ብለህ ተቆጣ።

አሠሪህ ያን የፋይበር ጀልባ "አርጅቷል፣ ውሰደው" ቢልህ በአይሱዙ ጭነህ እዚህ ደጋ አወጣኸው። "ጠግኜ እሸጠዋለሁ" አልህ፤ ከዚያ ተጣላንና ሄድህ። ከዚያ ወዲህ ቃል በላክህ ቁጥር "ጀልባውን ልጠግን እመጣለሁ" ነው። ስንት ክረምት ዘነበበት! ጎረቤታችን ሐመልማል በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "የኖኅ ሚስት! ውኃው መቼ ነው? እኔንም ከነበጎቼ አስገቢን እንጂ!" ትለኛለች።

ቆራሌው መጥቶ በጣቱ አንኳኳና፣ "እትዬ፣ ብረት አይደል፣ እንጨት አይደል፤ ይኼን ማን ይገዛኛል?" ብሎ ሄደ። ስባሪውን እኔ ባነድደው ጭሱ ሰፈሩን አሳለው። ወንድምህ ቢራራ ደግሞ፣ "ሊማሊሞ ገደል እንልቀቀው፤ ማን ያየናል?" አለኝ። "ገደሉ ሥር ሰው አይኖርም? የማይበሰብስ ነገር በሰው ማሳ ላይ አልጥልም!" አልሁት። አኮረፈ፤ ያኩርፍ።

ጥምቀት ሲቃረብ የደብራችን መጠመቂያ ገንዳ ተሰንጥቆ ውኃ አልይዝ አለ። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ዘንድ ሄጄ፣ "ጀልባውን ውሰዱት" አልኋቸው።

"ዓሣ የዋለበት አይደለም እንዴ፣ ዘቢደር?"

"ጌታ ከጴጥሮስ ጀልባ ላይ ሆኖ ሲያስተምር አልሸተተውም፤ እርስዎን ሸተተዎት?" ብላቸው እየሳቁ መቋሚያቸውን አነሡ። ወጣቶቹ በትከሻ ተሸከሙት። የጀልባውን ስንጥቅ እኔው በሬንጅ ደፈንሁት፤ እስከ አፉ ድረስ መሬት ውስጥ ቀበርነው። ጠብታ አላፈሰሰም! ካህናቱ ባርከው ሲረጩ ሐመልማልም ተጋፍታ መጥታ ተረጨች፤ ለአንድ ቀን እንኳ ዝም አለች።

"ንብረቴን" እንዳትለኝ። ንብረትህ ዝናብ ሲመታው አብሬው የቆምሁ እኔ ነኝ። የተባረከ ውኃ የያዘን ነገር ደግሞ ቆፍረህ አታወጣም፤ ሞክርና ደብሩን ሁሉ ከፊትህ ቆሞ ታገኘዋለህ።

ከእንግዲህ የሚጠገን የለም። ከመጣህ "ለጀልባው ነው የመጣሁ" አትልም። ደጄ ላይ ቆመህ ለምን እንደመጣህ በገዛ አፍህ ትናገራለህ። መናገር ካቃተህ እዚያው ቅር።

ማዕበል ሲነሣ ቅዱስ ሚካኤል ከአጠገብህ አይለይ። ደጋ ስትወጣ ወፍራሙን ጋቢ ልበስ።

ባለቤትህ
ዘቢደር