አቶ ጫንያለው ዘነበ እና የዘጠና ቀኑ መንገድ

ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በነቀምቴ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወጣው መንገድ አፍ፣ አቶ ጫንያለው ዘነበ በሁለት ወገን ተከበው ቆመው ነበር። በአንድ በኩል የባጃጅ ነጂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ኦቦ ጋሮማ፣ በሌላው በኩል ባለሱቁ አቶ ፉአድ። ጠቡ ከተጀመረ ሰዓት አልፎታል።

«እኛ ቀያሽ ይመስሉን ነበር፤ ለካ እረኛ ነዎት! ይኸው እንደ ከብት ከመንገዱ ነድተው አስወጡን» ይላሉ ኦቦ ጋሮማ።

«ከእናንተ ጋር የተነዳው የኔ ደንበኛ ነው» ይላሉ አቶ ፉአድ። «ኧረ ቁልፉን እንኩ፣ ሱቁንም አብረው ይቀይሱት!»

አቶ ጫንያለው መንገዱን ለተሽከርካሪ ከዘጉት፣ ኖራ ከተቀቡት ድንጋዮች አንዱን በሁለት እጃቸው ብድግ አደረጉ።

«ኮንክሪት አላፈሰስኩም። ዘጠና ቀን ይሞከር። ካልበጀ ይኸው፣ እንዲህ ይነሳል።»

ድንጋዩን መልሰው አስቀመጡትና ደረታቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙ። በጠቡ መካከል ይህን ልብ ያለላቸው አልነበረም።

አቶ ጫንያለው ከአባታቸው ከአቶ ዘነበ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሐረግወይን አሊጋዝ በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በኪራሙ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ልጅ ሳሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበርና እናታቸው «ይህ ልጅ እንጀራውን እንኳ እየሄደ ነው የሚበላ» ይሉ እንደ ነበር ዛሬም ያነሣሉ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኪራሙ፣ ሁለተኛ ደረጃን በነቀምቴ ተከታተሉ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር በእህል መኪና ላይ ወጥተው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። መንገድ መውደድ የጀመሩት ያኔ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን የጀመሩት መንገድ መጥላት እንደ ነበር ይናገሩ ነበር።

በቅየሳ ሙያ ሠልጥነው በ1984 ዓ.ም. በሲሬ በገጠር መንገድ ሥራ ተቀጠሩ። እዚያም ከመምህርት ናኦሚ ኤባ ጋር ተዋውቀው በ1989 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ፤ ነመራንና መክሊትንም ወለዱ። በአማቶቻቸው ቤት አፋን ኦሮሞን አጥርተው ከተማሩ በኋላ ቀልዳቸው ሁሉ በኦሮምኛ ሆነ፤ ሲቆጡ ብቻ ወደ አማርኛ ይመለሱ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ተዛውረው እስከ መጨረሻው በከተማው የመንገድ ሥራ አገለገሉ። ቢሯቸው ወንበር ነበረው፤ የሚቀመጥበት ግን ባለጉዳይ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ኪራሙ ሰላም ሲያጣ እናታቸውን ወደ ነቀምቴ አመጡ። ወ/ሮ ሐረግወይን በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ለመሳም የገበያውን መንገድ ማለፍ ነበረባቸው። የመንገዱን ዳር ባጃጅና የሱቅ ዕቃ ስለያዘው እግረኛ የሚሄደው መሀል ለመሀል ነበር። አንድ ቀን የባጃጅ መስታወት ነጠላቸውን ይዞ ጣላቸው። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከግቢው በር አላለፉም። በሩ ላይ ተቀምጠው የቅዳሴውን ድምፅ ከሩቅ ያዳምጡ ነበር።

አቶ ጫንያለው ይህን ማየት አልቻሉም። መንገዱ ለእግረኛ እንዲለቀቅ ሲጠይቁ ሦስት ዓመት ሙሉ የተሰጣቸው መልስ አንድ ነበር፦ ሕዝቡ አይቀበልም። እሳቸውም «ሳንሞክረው በምን አወቅን?» ማለትን አልተዉም። በመጨረሻ ከጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የሚጀምር የዘጠና ቀን ፈቃድ አገኙ። በመንገዱ አፍ ሰሌዳ አቁመው፣ ሙከራው የሚያልቅበትን ቀን፣ የሚቆጠረውን ነገርና ስንት ሲሆን ድንጋዩ እንደሚነሣ በሁለቱም ቋንቋ ጻፉ። ቆጣሪዎቹም ራሳቸው ተጣዪዎቹ ነበሩ፤ ነጂዎቹ የሱቆቹን ደንበኛ፣ ባለሱቆቹ የባጃጆቹን ምልልስ። «ሰው የራሱን ጉዳት ሲቆጥር ያበዛል፤ የሌላውን ይቁጠር» ይሉ ነበር።

ስህተትም ሠሩ። ሙከራው ሳይጀመር ያደረጉት ቆጠራ በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ብቻ ስለ ነበር የገበያ ቀን ቀረ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከኡኬ ቅቤ ይዘው የመጡት አዴ ዳሜ ባጃጁ ከታች ሲያራግፋቸው ሸክማቸውን አቶ ጫንያለው እግር ሥር አስቀመጡ።

«በል ልጄ፣ ይህን ዳገቱ ላይ አድርስልኝና ከዚያ በኋላ ቁጠረኝ።»

ተሸክመው አደረሱላቸው። የገበሬ ልጅ ሆነው የገበያ ቀንን መርሳታቸው እጅግ አሳፈራቸው። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «የገበያ ቀን አልቆጠርኩም፤ ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው ከነስማቸው ጻፉና በገበያ ቀን ጭነት የያዘ ባጃጅ በአንድ ወገን እንዲወጣ አደረጉ። ጽሑፉን እንዲያጠፉ ተነግሯቸው ነበር፤ አላጠፉትም።

የልብ ሕመማቸው የታወቀው ሙከራው ከመጀመሩ በፊት፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ሐኪም ሳይዘገዩ አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ ነገራቸው። እሳቸው ግን «እኔ ከሄድኩ ድንጋዩ ሳምንት አያድርም» ብለው ዘጠናው ቀን እስኪሞላ አሻፈረኝ አሉ። ባለቤታቸው «ድንጋይ ሁልጊዜም ይገኛል፤ አንተን ከየት አመጣለሁ?» ብለው ለመኗቸው። ቤተሰቡ በዚህ ተቆጥቶ ነበር፤ ቅሬታው ዛሬም አልወጣለትም።

አቶ ጫንያለው በአዲስ አበባ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው አሉ። ወ/ሮ ሐረግወይን ከየካቲት ወር ጀምሮ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ዕድሜውን ሙሉ መቀመጥ ያልሆነለትን ልጃቸውን ጌታ ከአጠገቡ ያስቀምጥላቸው፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

አቶ ጫንያለው ለሕክምና ከነቀምቴ የወጡት መጋቢት 30 ቀን፣ በዘጠናኛው ቀን ነበር። ያን ቀን ጠዋት በከተማው አዳራሽ ሁለቱ ቆጠራዎች ተነበቡ፤ ደንበኛውም ምልልሱም ድንጋዩ ይነሣል ከተባለበት ልክ በታች አልወረደም፤ መንገዱም ለእግረኛ እንዲጸና ተወሰነ። የጭነት ማውረጃው የት ይሁን ሲባል ኦቦ ጋሮማ «ከእኛ ተራ ፊት!» አሉ። አቶ ፉአድ «የለም፣ ከሱቄ ፊት! ዘጠና ቀን የቆጠርኩት ለማን ነው?» አሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። አቶ ጫንያለው ከኋላው ወንበር ተነሡ፤ ኮፍያቸውን ይዘው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። ድንጋዮቹን አልፈው በእግራቸው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። ወ/ሮ ናኦሚ ሻንጣቸውን ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። በአዳራሹ ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቀጠለ።