ያንቺኛው ብስክሌት

ውድ አያቴ ቤፐ፣

ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ አዲሱን ብስክሌትሽን ነድቼዋለሁ። ያውም መሪው ላይ የተጠቀለለው የሱቅ ወረቀት በቅጡ ሳይነሳ። ኮርቻውንም በወንድ አያቴ በፓከ መፍቻ ከፍ አድርጌዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን ካንቺ እግር የረዘመው እግሬ ነው።

አዲስ ብስክሌት እንዳለሽ አታውቂም። ብነግርሽም እስከ እራት አብሮሽ አይቆይም። ይቅር በይኝና ላንቺ መናዘዝ የሚጥመኝም ለዚህ ነው፤ ለአክስቴ ለሂስከ አትነግሪብኝም።

ነገሩ የጀመረው ፓከ፣ ያው ባልሽ፣ አንቺ ያለሽበት የአረጋውያን መጦሪያ በር ላይ የወደቀ ዕለት ነው። ከጥቁሩ አሮጌ ብስክሌት ሲወርድ እግሩን በአግዳሚው ብረት ላይ ማሻገር አቃተውና ብስክሌቱን እንዳቀፈ ጋደም አለ። አንቺ በመስኮት ታዪው ነበር። ነርሷ እንደነገረችን «ምስኪን ሰውዬ፣ ሰው የለውም እንዴ?» ብለሻል።

በዚያው ሳምንት የፓከ ልደት ነበር። እንደ ወጋችን ወንበሮቹ ሳሎኑን ከበው ተደረደሩ፣ የገባው ዘመድ ሁሉ ባለልደቱን ብቻ ሳይሆን በየወንበሩ ያለውን ሰው እየዞረ «እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ ጨበጠ። እኔንም ጨበጡኝ፤ ምን ስላደረግሁ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኬኩ ለሰው አንድ ቁራጭ ነው። ሁለተኛ ቁራጭ ያየ ዓይን ራሱ እንደ ሌባ ይታያል። ሁሉም ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለ ዝናቡ ሲያወራ፣ አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ብስክሌት በቃህ። እሁድ እሁድ በመኪና እወስድሃለሁ።»

«እሁድ አንድ ቀን ነው» አለ ፓከ።

«አንድ ቀን ይበቃል። እሷ እንደሆነች ስንት ቀን እንደመጣህ አታውቅም።»

ፓከ ኬኩን በሹካ ለሁለት ከፈለው፤ አልበላውም። «እኔ አውቃለሁ» አለ።

ዘመዱ ሁሉ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ዝምታ ደግሞ አልወድም። «አግዳሚ የሌለው፣ ምቹ ብስክሌት ቢሆን እኮ አይወድቅም ነበር» አልኩ።

«ይልዱ፣ አንቺ እንኳ ዝም በይ። ባለፈው ቦይ ውስጥ የገባሽው አንቺ ነሽ» አለች አክስቴ።

«ስልኬን እያየሁ ነዋ። ፓከ ስልክ አይነካም።»

ዘመዶች በአፍንጫቸው ሳቁ፣ አክስቴም ትንሽ ለዘብ ብላ ምቹ ብስክሌት እንዲገዛ ፈቀደች። ግን ቃሏን አስቀመጠች፦ አንድ ጊዜ ከወደቀ ወይም አንድ ነገር ከተምታታበት ቤቱ ይሸጣል፤ እሱም ከተማ ያለው መጦሪያ ይገባል። ያንቺኛው ሞልቷል። ቤፐ፣ በከተማውና ባንቺ መካከል ያለውን መንገድ ማንም ሽማግሌ በብስክሌት አይችለውም።

ቅዳሜ ከፓከ ጋር ወደ ሲትሰ የብስክሌት ሱቅ ሄድን። ሲትሰ እንደምታውቂው ብስክሌት የሚሸጥ ሳይሆን ሴት ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ጎማው ቀጭን፣ መሪው ዝቅ ያለ አንዱን አመጣ። ፓከ ወጥቶበት ወረደ።

«እዚህ ላይ ሆኜ የማየው የራሴን ጫማ ነው።»

ሁለተኛው ኮርቻው ሰፊ፣ ክብደቱ የጥጃ ነበር። «ይሄ ሶፋ ነው። ሶፋ ቤት አለኝ።»

ሦስተኛውን ሲትሰ በዝግታ እየገፋ አወጣው። «ይሄ ቅይጡ ነው። እንደ መጀመሪያው ቀላል፣ እንደ ሁለተኛው ምቹ። ጎማው መካከለኛ ስለሆነ አስፋልቱንም የግድቡን የጠጠር መንገድም ይችላል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገሩን እያዩ ይነዳሉ። እግርዎን ማንሳት የለብዎትም፣ እንደ በር በመሀሉ ይገባሉ።»

«ብረቱ ዝቅ ያለ ነው» አለ ፓከ ፊቱን አዙሮ። «የሴት ነው።»

«ጥቁሩ ላይ እንደ ወንድ ወደቅህ እኮ፤ አየንህ» አልኩት።

ሲትሰ ሳቁን ሊደብቅ ጎማ ማየት ጀመረ። ፓከ እኔን ተቆጥቶ አየኝና ወጣበት። እስከ ድልድዩ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ ሄደ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ተመለሰ። ሲወርድ ማንንም አልተደገፈም። «እጄ አልደነዘዘም» አለ። ከባልሽ አፍ ይህ ቅኔ ነው።

ከዚያ «ሁለት ስጠኝ» አለ።

ሲትሰ እኔን አየኝ። «ሁለት?»

«ሁልጊዜ ሁለት ነው። የእሷን ኮርቻ ዝቅ አድርገው፤ ጉልበቷን ያማታል።»

በእናንተ ስንት ጊዜ ስቄያለሁ። እዚህ አገር ባልና ሚስት ሲያረጁ ብስክሌታቸው አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ጃኬታቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ከሩቅ ስትመጡ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አልሳቅሁም። «ፓከ፣ እሷ እኮ አትነዳም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ሲትሰም አላለም። ጎንበስ ብሎ ኮርቻሽን ዝቅ አደረገው።

ጓሮ ስንደርስ አክስቴ ቆማ ነበር። ፓከ እጁን ሊታጠብ ገባ።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አለች በቀስታ። ድምጿ ውስጥ የከተማው መጦሪያ ነበር።

«የእኔ።»

«ያንቺ?»

«የእኔ አሮጌ እኮ ቦይ ውስጥ ገብቷል። አንቺው ነሽ ያልሽው።»

 «እንግዲያው ስትነጂው ልይ።»

ይኸውልሽ፣ ኃጢአቴ እንዲህ ተወለደ። ጠዋት ኮርቻውን ከፍ አድርጌ በአክስቴ መስኮት ስር አልፋለሁ፤ ማታ ፓከ ሳያይ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። እሱ ደግሞ ሲነጋ መጥቶ በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ሲጨርስ መዳፉን ኮርቻሽ ላይ ያሳርፋል።

ከትምህርት ቤት ስወጣ እሱም ወዳንቺ ሲሄድ ግድቡ ላይ ተገናኘን። ባንቺ ብስክሌት ላይ ሲያየኝ ይጮህብኛል ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። እሱ ግን አጠገቤ መጣና «ባውክየ፣ በቀኜ ሁኚ፤ ነፋሱን እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ። በራስሽ ስም፣ እኛ ቤፐ የምንልሽን እሱ በሚጠራሽ። ፓከ ደግሞ አይቀልድም።

እኔም «እሺ» አልኩ። ምን ልበል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድቡ ላይ እኔ ባውክየ ነኝ። «ቀስ በል» እለዋለሁ፣ ቀስ ይላል። ለአክስቴ ብነግራት ቤቱ ይሸጣል፣ አንቺም በመስኮት የምታዪው ሰው አይኖርሽም። ባልነግራት ደግሞ አንድ ቀን ብቻውን ሲነዳ አንቺን ፍለጋ የት እንደሚታጠፍ አላውቅም። በሽማግሌ መሳቅ ከእጄ ወጥቷል ቤፐ። አልሆንልኝ አለ።

ዛሬ ክፍልሽ ውስጥ ፀጉርሽን ሲያበጥርልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ «ሚስትህ ታድላለች» አልሽው።

ማበጠሪያው ቆመ። «አብረን ነበር የምንነዳው» አለሽ።

«ነበር» ማለቱን ሰምቻለሁ። ከዚያ ማበጠሩን ቀጠለ፤ አንቺም ፈገግ አልሽ። እኔ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ፤ ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ጭጋግ ብቻ። ስንመለስ ግድቡን ሙሉ በግራዬ ነዳ። ያንቺን ስም ግን አልጠራም።

ይህን የምጽፍልሽ ከጓሮው መጋዘን ነው፣ የድንች ሳጥን ላይ ተቀምጬ። መፍቻው ጉልበቴ ላይ ነው። አሁን ተነስቼ ኮርቻሽን ወደ ቁመትሽ ዝቅ…

ተያዝኩ። ፓከ በሩ ላይ ቆሟል፣ ጨርቁ በእጁ። መፍቻውን አየ፣ ኮርቻውን አየ። ይህን ስጽፍም እያየኝ ነው።

«ተይው» አለኝ። «ባንቺ ቁመት ይቆይ፣ ይልዱ።»