ገና ላልተወለዱት የደከሙት ዶክተር ደሚቱ ሙለታ

ወገኖቼ፣ ቆማችሁ የደከማችሁ አረፍ በሉ፤ የእህታችንን ታሪክ ተቀምጣችሁ ስሙልን።

ዶክተር ደሚቱ ሙለታ ከአባታቸው ከአቶ ሙለታ ጂራታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሰንበት ወልደ ሚካኤል በ1950 ዓ.ም. እዚሁ ልደታ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው፣ አንደኛ እየወጡ ዘልቀው፣ በ1975 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ። ቀጥለውም የሕፃናት ስፔሻሊስት ሆኑ። በ1980 ዓ.ም. ከአቶ በዕውቀቱ ተሰማ ጋር ትዳር መሥርተው ሲፈንንና እድላዊትን ወለዱ።

በዚያን ዘመን ጀርባው ክፍት ሆኖ ወይም ጭንቅላቱ ውሃ ቋጥሮ የተወለደ ሕፃን ሲገጥም፣ ጠያቂው ሁሉ አንገቱን ይደፋ ነበር። እናቲቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው እንኳ አታገኝም። ዶክተር ግን ሕፃኑን ከማየታቸው በፊት ይህንኑ ነበር የሚሏት። ከዚያ «እርግማን አይደለም የኔ እናት፤ አብረን እናሳክመዋለን» ይሏታል። ከእነዚያ ሕፃናት አንዷ ናዝሬት ናት፤ ዛሬ ጠበቃ ሆና፣ ክራንቿን ይዛ፣ ይኸው ከመካከላችን አለች።

ማከሙ ብቻ አላጠገባቸውም፤ ዓመታት አጠኑ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ክኒን ከዚህ ችግር ብዙውን እንደሚከላከል የታወቀ ነው፤ እናቶቻችን ግን የሚያገኙት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ እንደሆነ ጥናታቸው አሳየ። የልጅ አከርካሪ ደግሞ የሚዘጋው እናቱ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ታዲያ ዶክተር ምን አደረጉ? ሙሽሮች ዘንድ ሄዱ! ሰርግ ሲጠሩ ከስጦታቸው ጋር ክኒኑን ይዘው ይገባሉ። ሚዜዎቹ «ዶክተር፣ ሙሽራችን ከአሁኑ ታመመች እንዴ?» ብለው ሲያሾፉ፣ «እሷ ምን ሆነች፤ ይሄ ለሚመጣው እንግዳ ነው። እናንተ ዝም ብላችሁ ጨፍሩ!» ይሏቸው ነበር። እነዚያው ሚዜዎች የራሳቸው ሰርግ ሲደርስ ክኒኑን ፍለጋ ዶክተር ቤት ድረስ መጡ። ጥናታቸው በሀገር ውስጥም በውጭም ተሸለመ፤ ያስተማሯቸው ሐኪሞችም ዛሬ በየክልሉ ሙሽሮችን እየመከሩ ነው።

ዶክተር ደሚቱ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ።

እናንተም፣ በየቤታችሁ ልታገባ የተዘጋጀች ልጅ ካለች፣ ሳታረግዝ ክኒኑን እንድትጀምር ሹክ በሏት። ስትነግሯትም፣ አደራችሁን፣ ደሚቱን አስታውሱልን።