ስለ ጓሮው ክፍልና ስለ ካፒቴኑ የእጅ ሰዓት የተሰጠ ኑዛዜ

ዛሬ ቅዳሜ የካቲት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩት እኔ፣ ማክሰኞ ሆዴ በሐኪም ሊከፈት ስለሆነ ከዚያ በፊት የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ካለ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው በዚህ ክፍል ተቀምጬ ስለ አንድ የጠፈር መርከብ ተከታታይ ፊልም የሚወራውን ሁሉ እንደሰማሁና እስካሁን እንዳላበድኩ ያስታውስ።

ምስክሮቼ ሦስት ናቸው። አንደኛው ቴሌቪዥን ጠጋኙ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሁለተኛው ከመንገዱ ማዶ ያሉት ፋርማሲስት ናቸው። ሦስተኛው ይህን ቃል የሚጽፉት ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው፤ ተከታታዩን ፊልም አይተው ስለማያውቁ ከሁላችንም የተሻለ ፍርድ አላቸው። የኔን ቃል ብቻ ሳይሆን እዚህ የሚባለውን ሁሉ እንዲጽፉ ለምኛቸዋለሁ።

አንባቢ እንዳይቸገር ልናገር። ወንድሜና ፋርማሲስቱ በቀጥታ መነጋገር ካቆሙ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አይቀሩም። አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ አንዱ በበሩ በኩል ይቀመጡና «ለሰውዬው ንገሩልኝ» እያሉ ይከራከራሉ። የጠባቸው ምክንያት በፊልሙ ሰባተኛ ምዕራፍ የመርከቡ ካፒቴን ወደ በረዶው ክፍል ገብቶ መውጣቱ ነው። ወንድሜ የወጣው ራሱ ካፒቴኑ ነው ይላል። ፋርማሲስቱ የወጣው በእሱ አምሳል የተሠራ ቅጂ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕራቸውን አንስተው «እትዬ፣ ካፒቴኑ ዘመድ ናቸው? ከወራሾች ጋር ላስገባቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ዘመድ አይደሉም። ያስቸገሩን ግን ከዘመድ በላይ ነው።

አንደኛ፤ ልብሴን፣ የመስፊያ መርፌዎቼንና መቀሴን በጥራዝ ክፍል ለምትተካኝ ሴት ሰጥቻለሁ። መቀሱ ይላላል፤ ብሎኑን ታጥብቀው።

ሁለተኛ፤ ትልቁን ቴሌቪዥን ለጎረቤቴ ለልብስ አጣቢዋ ሰጥቻለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ገብታ ለሩብ ሰዓት ያህል ተመለከተችና «ይሄ ሰውዬ ልብስ አይቀይርም እንዴ?» ብላ ወጣች። ስለ ፊልሙ ከተባለው ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ይህ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ከእናቴ የደረሰኝን ይህን የጓሮ ክፍል፣ ከነበሩና ከነመስኮቱ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለሆነችው ለወንድሜ ልጅና ለፋርማሲስቱ ወንድ ልጅ በጋራ አውርሻለሁ። እነዚህ ልጆች እንጋባ ካሉ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ወንድሜ «ቅጂ ነው ከሚል ቤት ጋር አልዛመድም» አለ። ፋርማሲስቱም «ልጄን ዓይኑ እያየ ለማያይ ሰው አልሰጥም» አሉ። ቤት የላቸውም፣ ምርቃት የላቸውም። ምርቃቱ የኔ አይደለም፤ ቤቱ ግን የኔ ነው።

ወንድሜ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«አንቺ፣ ምን እያልሽ ነው? የፊልሙ ውይይት የት ሊደረግ ነው?»

«እኔ ማክሰኞ እቀደዳለሁ ወንድም ጋሼ።»

«እሱማ እግዜር ያውቃል። እኔ የምልሽ ስለ ቅዳሜ ነው።»

ፋርማሲስቱም ወደ ግድግዳው ዞረው «በዚህስ ሰውዬው ልክ ነው» አሉ።

ይጻፍልኝ።

ሁለቱም ክፍሉንና ስለ ፊልሙ የጻፍኳቸውን ደብተሮች ለመውረስ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። ለምስክርነት ስጠራቸው ደስ ብሏቸው የመጡት ለዚህ ነው። እኔ ግን የጠራኋቸው ምስክር ስለማይወርስ ነው። ይህን ያነበብኩት ከሕግ መጽሐፍ በተረፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር። ቀሪውን ግማሽ ስላላገኘሁት ጸሐፊውን ጠየቅኳቸው፤ ልክ ነሽ አሉኝ። ይህ ወረቀት የሦስቱም ፊርማ ከሌለበት ግን ዋጋ የለውም። ያን ጊዜ ክፍሉ በሥጋ ዝምድና ለወንድሜ ይሆናል፤ ልጆቹም እንደተንከራተቱ ይቀራሉ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ እጁን ኪሱ ከተተ።

አራተኛ፤ አሥራ ዘጠኙ ደብተሮች። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ከማሽኑ ሥር በሚወድቅ ቁርጥራጭ ወረቀት ነው። ቁርጥራጭ ላይ ደግሞ ነገሩ ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቋረጣል። የጎደለውን ማታ ማታ በራሴ እሞላው ነበር፤ ልማድ ሆነብኝ። ውይይቱ ሲጀመር «አንቺ ዝም ብለሽ ስለምትቀመጪ ጻፊ» ተባልኩ። የእያንዳንዱን የፊልሙን ክፍል ታሪክ ጻፍኩ፣ በእጄ ጠረዝኩ። ከዚያ ወዲህ ክርክር ሲነሳ «ደብተሩ ምን ይላል?» ነው። ደብተሩ ይላል እንጂ እኔ ብዬ አላውቅም።

አሁን ልናዘዝ። ካፒቴኑ በረዶው ክፍል የገባ ዕለት መብራት ለአሥራ አንድ ደቂቃ ጠፍቶ ነበር። እናንተ ክብሪት ስትፈላለጉና ፊውዙን ማን እንዳቃጠለው ስትነታረኩ ቆያችሁ። መብራቱ ሲመጣ ካፒቴኑ ወጥቶ ነበር። እኔ ባዶ ገጽ አልወድም። ስለዚህ ካፒቴኑ ከመግባቱ በፊት የእናቱን ስጦታ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ የወጣው ሰው ግን አይቶት አለፈ፣ ብዬ ጻፍኩ።

«ሰዓቱን አይቶ ያላወቀው ቅጂ ስለሆነ ነው» አሉ ፋርማሲስቱ። «ሞትን ያየ ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል» አለ ወንድሜ። ስድስት ዓመት ይኸው ነው። ሁለታችሁም ሰዓቱን በዓይናችሁ እንዳያችሁት ምላችኋል። ፋርማሲስቱ ማሰሪያው ቡናማ እንደነበረ ጨምረዋል። እኔ ስለ ማሰሪያው የጻፍኩት የለም።

አምና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያንን የፊልሙን ክፍል በስልኩ አሳየኝ። መብራት በጠፋበት በአሥራ አንዱ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠግናሉ። ካፒቴኑ ሾርባ ጠጥቶ ይተኛል። ሰዓቱ እጁ ላይ ነው።

 እኔም አሁን ያፍራሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ቧንቧ?» አለ ወንድሜ።

«ቧንቧ» አልኩ።

ወንድሜ አንገቱን ወደ በሩ አዞረና ከስድስት ዓመት በኋላ ሰውዬውን በቀጥታ አናገረው። «ሰማህ? ካፒቴኑን የሚያህል ሰው ሾርባ ጠጥቶ ተኛ።»

«የማይመስል ነገር ነው» አሉ ፋርማሲስቱ። «ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ተሳስተዋል። ልክ ያለው ደብተሩ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ሰዓቱማ ነበረ።»

«ነበረ እንጂ። ማሰሪያው ቡናማ።»

እኔን ያየኝ የለም። እንዲህ ሲስማሙ ግን ሰምቼ ስለማላውቅ አላቋረጥኳቸውም። ሲጨርሱ ቀጠልኩ፦ ደብተሮቹን ከክፍሉ ጋር ለሁለቱ ልጆች አውርሻለሁ። ይህ ኑዛዜ ዛሬ ካልተፈረመ ግን ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ወደ ማተሚያ ቤቱ የወረቀት መፍጫ እወስዳቸዋለሁ። ማሽኑን የማስነሳው እኔ ነኝ፤ ፈቃድ አያስፈልገኝም።

ወንድሜ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«አታደርጊውም» አለ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተባልኩትን ሳደርግ ነው የምታውቀኝ። ይሄን እኔው ለራሴ ብያለሁ።»

ፋርማሲስቱ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙና ለወንድሜ አቀበሉት። ወንድሜ ብዕሩን እንደያዘ «ደብተሩን ማየት ስንፈልግስ?» አለ።

«ባለቤቶቹን ታስፈቅዳላችሁ።»

ሁለቱ ተያዩ።

«አንተ ጠይቃት» አሉ ፋርማሲስቱ፤ «ልጅህ ናት።»

«እኔን እሺ አትለኝም፣ ተቀይማኛለች። አንተ ጠይቃት እንጂ፤ ምራትህ አይደለችም?»

ጸሐፊው ቀና ብለው አዩኝ። «ይጻፍ?»

«ይጻፍ» አልኩ።

ወንድሜ «ምራትህ» ማለቱ ያን ጊዜ ገባው። «እሱማ አፌን አዳልጦኝ ነው፤ ይሰረዝልኝ» አለ።

«አይቻልም ጌታዬ» አሉ ጸሐፊው፤ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ኑዛዜ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። እንደገና ልጻፈው ካሉም ሰኞ ነው የምደርሰው።»

ወንድሜ ሰኞ የሚለውን ሲሰማ ደብተሮቹ ያሉበትን መደርደሪያ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፈረመ።

ይህ በአምስት ገጽ የሰፈረው ቃል ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ተናዛዥ፦ የጥራዝ ሠራተኛዋ፣ ፈርማለች።
አንደኛ ምስክር፦ የተናዛዥ ታላቅ ወንድም፣ የሙሽራይቱ አባት፣ ፈርሟል።
ሁለተኛ ምስክር፦ ፋርማሲስቱ፣ የሙሽራው አባት፣ ፈርመዋል።
ሦስተኛ ምስክርና ጸሐፊ፦ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ፈርመዋል። የምስክሮቹን ማዕረግ የሞላሁት ራሳቸው በሰጡት ቃል መሠረት ነው።