የልብስ ሰፊዋ ምኞት

ወንድሜ ጭሱ፣ ያቺ ሞተርህ ዛሬስ ሳትገፋት ተነሳችልህ?

እዚህ ያለሁበት ከተማም አንድ ጎማ ጠጋኝ ግቢ ውስጥ እንደኛው ሞተር ወዳዶች ተሰብስበው፣ የነዱትንና የሚመኙትን ያወራሉ። ወሬው ከኛው ጋር አንድ ነው፤ የተሸጠ ሞተር ሁሉ ሲበር የኖረ ነው። ትናንት ባለቤታቸው በቅርቡ የሞቱባቸው አንዲት ልብስ ሰፊ የሟቹን ሞተር ሊሸጡ እየገፉ መጡ። ጎማ ጠጋኙ ወንበር ሰጣቸውና ለጨዋታ ያህል፣ "እማማ፣ እርስዎስ ምን ምን ነድተዋል?" አላቸው።

"ምንም። ዕድሜዬን ከኋላ ተቀምጬ የሱን ጀርባ ሳይ ነው የኖርኩት።"

"የሚመኙትስ?"

ሞተሯን በመዳፋቸው አበስ አደረጓት። "ይቺኑ። ግን ከፊት ሆኜ።"

ማንም አልሳቀም። ጎማ ጠጋኙ የራሱን ሄልሜት አጠለቀላቸው። ፍሬኑንና ማርሹን እያሳየ፣ እኔም ከኋላ ደግፌ፣ በባዶው መንገድ ተመላለስን። እጃቸው ሲረጋጋ ለቀቅኳቸው። ቀሚሳቸውን ሸጉጠው፣ ልብስ እንደሚሰፉ ሁሉ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው፣ ብቻቸውን እስከ መታጠፊያው ደርሰው ተመለሱ።

ሲወርዱ እንባቸው ይወርድ ነበር። "ለካ ይሄን ሁሉ ንፋስ ሲከልልልኝ የኖረው እሱ ነው" አሉ።

መሸጡም ቀረ፤ ሞተሯን እየገፋን ቤታቸው አደረስናቸው።

ፖስትካርዱ ጠበበኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ለባለቤትህ ሰላም በልልኝና የትኛውን ሞተር እንደምትመኝ ጠይቃት። ይሄን ሁሉ ዘመን አብራን ስትቀመጥ አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም።

ያው ወንድምህ