ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነኝ

ለውድ ወንድሜ ለሚርዛበክ፤ በሰው አገር ብርድ ጤናህ እንደምን ሰነበተ? እኛ ደህና ነን፣ ላሟም ወልዳለች።

ዘንድሮ የዶሎን ተራራ መንገድ ቶሎ በረዶ ጋገረ። ባሌ አሳንኩል እንደ ድሮው በሚኒባሱ ሰው ያመላልሳል፤ እኔም ጋቢና ሆኜ አብሬው እሄዳለሁ። ተሳፋሪዎቹ «እትዬ ቡሩልቻ፣ ባልሽ እንዳይሰረቅብሽ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ትናንት ቁልቁለቱ ላይ አሳንኩል ወደ ፊት መስታወቱ ጠጋ ብሎ «ያ ጥቁር ነገር ድንጋይ ነው?» አለኝ በቀስታ።

«ፈረሶች ናቸው፣ መንገዱን እያቋረጡ ነው። ፍሬን እንዳትረግጥ፣ በማርሽ ያዘው!»

«አይቻቸዋለሁ እኮ» አለ።

ለኑሩዝ በዓል ከምትመጣ በዚህ ሳምንት ብትመጣስ? የፈረስ ሥጋ ቋሊማ አስቀምጬልሃለሁ። የመንጃ ፈቃድህ ግን አሁንም ይሠራል? እንዲያው ነው የጠየቅሁህ።

ደጄን እስክታንኳኳ አላህ ይጠብቅህ።

እህትህ ቡሩልቻ